የጥሪ ወረቀት ታሪክ፤ ባሕር ማዶ የሚሠራ ልጅ ቤተሰቡን ለጉብኝት ስለ መጥራቱ



ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር ከመካከላችን አንዱ «ስለ ቪዛ ጻፉ» አለን። መጀመሪያ ሳቅን። የዕድር መጽሔት ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ወር መዋጮ እንጂ ስለ ቪዛ ምን አገባው? ቆየት ብለን ስናስበው ግን ሳቁ ጠፋ። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ከሟች ልጆች አንዱ ወይም ሁለቱ ባሕር ማዶ ያልሆኑበት ቤት እየጠፋ ሄዷል። እንግዲያው ነገሩ የዕድርም ነገር ነው።

አንድ አባላችን ነበሩ፤ ስማቸውን አናነሣም። ልጃቸው ውጭ አገር ሥራ ይዛ፣ አግብታ ወለደች። «አባዬ፣ ይምጡና የልጅ ልጅዎን ይዩ» ብላ የጥሪ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ወረቀት ላከችላቸው። እሳቸውም ሙሉ ልብስ አሰፍተው፣ ወረቀቱን በላስቲክ አቃፊ ይዘው ወደ አንድ ኤምባሲ ሄዱ። ሦስት አራት ጥያቄ ተጠየቁና ፓስፖርታቸው ባዶውን ተመለሰላቸው። «ልጄ ዋስ ሆናኝ ሳለች እንዴት አላመኑኝም?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለሰው አላወሩም፤ እንደ ውርደት ቆጠሩት። ሁለተኛ ሳይሞክሩም ዐረፉ። ልጃቸው ቀብራቸውን በስልክ አየች።

ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ለመሆኑ ያ የጥሪ ወረቀት ከየት መጣ? ዋስትና ነው ወይስ አይደለም? ታሪኩን ከሥሩ ብናየው የሚያሳፍር ነገር አለመኖሩን፣ የሚያስጠነቅቅ ነገር ግን መኖሩን እናገኛለን ብለን እናምናለን። የውጭውን ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአገራችንን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን።

ዋስ በእኛ ዘንድ

እኛ ኢትዮጵያውያን ዋስን የምናውቀው ከማንኛውም ቪዛ በፊት ነው። ዕቁብ በመጀመሪያ ዙር የደረሰው ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል የሚቀጠር ሰው ዋስ አምጣ ይባላል። ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ሰው ቢሆን የሰው ዋስ ጠርቶ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ ዋሱ የታወቀና የተከበረ ሰው ከሆነ ነገሩ አለቀ። ማንም ዋስ የተጠራለትን ሰው «አንተ ራስህ ማነህ?» ብሎ አጥብቆ አይመረምረውም። የሚታየው ዋሱ ነው።

ልማዱ በጽሑፍ ሕግም ገብቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ዋስትና ከቁጥር 1920 ጀምሮ ይደነግጋል። በቁጥር 1922 እንደተመለከተው ዋስትና በግምት የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በግልጽ መነገር አለበት፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክም ካልተጠቀሰ አይጸናም። ይህም ማለት በሕጋችን ዓይን ዋስ ማለት ገደቡ ታውቆ ዕዳ የሚሸከም ሰው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ፓስፖርትና ቪዛ ከየት መጡ?

ዛሬ ያለ ፓስፖርት ድንበር መሻገር የማይታሰብ ቢሆንም ዘመኑ ሩቅ አይደለም። ከ1914 በፊት በምዕራብ አውሮፓ ብዙ አገሮች መንገደኛ የሚገባውና የሚወጣው ያለ ፓስፖርት ነበር፤ አጥብቀው ይጠይቁ የነበሩት እንደ ሩሲያና እንደ ኦቶማን ቱርክ ያሉ መንግሥታት ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ሁሉም ሰላይ ፈራና በሩን ዘጋ። ጦርነቱ አለቀ፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። በ1920 በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጠሪነት ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡት መልእክተኞች የቀድሞው ነጻነት ቀስ በቀስ ይመለስ ዘንድ ተስፋቸውን ገልጸው፣ እስከዚያው ድረስ ግን ፓስፖርት በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ደብተር እንዲሆን ተስማሙ። «እስከዚያው» የተባለው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።

አሜሪካም እንዲሁ ናት። ወደ ኒውዮርክ የሚገባ መንገደኛ ከ1892 ጀምሮ የሚመረመረው ከመርከብ ወርዶ በኤሊስ ደሴት ነበር። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ምርመራውን ወደ መንገደኛው አገር አመጣው፤ ቪዛ የሚሰጠው እዚያው በአገሩ ያለው የአሜሪካ ቆንስል ሆነ። ያው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር ወሰነ። ለኢትዮጵያ የተመደበው 100 ነበር። ለጊዜው ለሥራ ጉዳይ ወይም ለሽርሽር የሚመጣ እንግዳ ግን በቁጥሩ ውስጥ አይገባም ተባለ።

እንግዲህ የጥርጣሬው ሥር እዚህ ላይ ነው። አንዱ በር ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ሲሆን፣ በጠባቡ መግባት ያቃተው በሰፊው «እንግዳ ነኝ» ብሎ ይገባል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ የቆንስሉ ዋና ሥራ እንግዳውን ከነዋሪው መለየት ሆነ።

አሜሪካ፤ ዋስ የማይቆጠርበት በር

ያ ጥርጣሬ በ1952 በወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ውስጥ በግልጽ ተጻፈ። ቁጥሩ 214(ለ) ነው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሊኖር እንደሚሄድ ተደርጎ ይገመታል፤ እንደዚያ አለመሆኑን ለቆንስሉ ማሳመን ያለበት ራሱ አመልካቹ ነው። እንግዳ የሚባለውም በአገሩ ሊተወው የማያስበው መኖሪያ ያለው ሰው ነው። አንድ ወንጀለኛ እንኳ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ግምቱ ተገልብጦ ይጀምራል። ሕጉ ለማንም አባት ወይም ለማንም አገር ተለይቶ የተጻፈ አይደለም። አባላችን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ውርደት ባልመሰላቸው ነበር።

ታዲያ የልጅ ደብዳቤ የት ገባ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለጉብኝት ቪዛ የጥሪ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃል እንደማያስፈልግ፣ ቢቀርብም ቪዛ ለመስጠት ወይም ለመከልከል መመዘኛ እንደማይሆን ገልጿል። ልጅ ሚሊየነር ብትሆንም ሕጉ የሚጠይቀው «አባትየው ይመለሳሉ ወይ?» ብሎ ነው። የልጅ ሀብት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ «እንዲህ የሚመች ቤት ካለ ለምን ይመለሳሉ?» የሚል ሐሳብ ሊያስነሣ ይችላል።

እኛ ግን ስፖንሰር ካለ ሁሉም አለ ብለን ለምን አመንን? ለዚህም ታሪክ አለው። ብዙዎቻችን ስለ ስፖንሰር አብዝተን የሰማነው በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ከወጡ ወገኖቻችን ነው። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ካርቱምና ገዳሪፍ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደዚያ ሲሻገሩ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች በኩል ተቀባይ ይፈለግላቸው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዘመድ ስፖንሰር ይሆናል። ለስደተኛ ያ ትክክል ነበር።

ሁለተኛም አለ። በ1965 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወላጁን ለነዋሪነት ሲጠይቅ ወላጅ በቁጥር ወረፋ አይያዝም። በ1996 በወጣው ሕግ ደግሞ ጠያቂው የሚፈርመው የድጋፍ ቃል በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ሆነ። ይህም እውነተኛ ዋስትና ነው። ነገር ግን ለነዋሪነት እንጂ ለጉብኝት አይደለም፤ በሥራ ቪዛ ያለ ወይም ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ልጅም ወላጆቹን በዚህ መንገድ መጥራት አይችልም። እንግዲህ ለስደተኛው፣ ለነዋሪውና ለእንግዳው አንድ «ስፖንሰር» የሚል ቃል ይዘን ሦስት የተለያዩ በሮች ስናንኳኳ ኖርን ማለት ነው።

ከ2001 የሽብር ጥቃት በኋላም ነገሩ ጠበቀ። በ2004 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 79 የሆኑ አመልካቾች በጥቅሉ በአካል ቀርበው እንዲጠየቁ ደነገገ። የሚከፈለው የማመልከቻ ገንዘብም ቪዛው ቢከለከል አይመለስም፤ በ2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። በ214(ለ) የተከለከለ ሰው ይግባኝ የለውም፤ ሁኔታው ሲለወጥ ግን እንደገና ማመልከት ይችላል። ቪዛ የተመታለትም ቢሆን የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስንለት አውሮፕላን ጣቢያ ያለው መኮንን ነው፤ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ይፈቅዳል።

በእኛ በኩል የነበረው በር

ስለ ሌሎች በር ስናወራ የራሳችንንም መርሳት የለብንም። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ያም በቀላሉ አይገኝም። የአንዳንዶቻችን ወንድሞችና እኅቶች በእግራቸው ድንበር የተሻገሩት አንዱም በዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 ያወጁት የሰብአዊ መብት መግለጫም በአንቀጽ 13 ይህንኑ ይላል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ስለ መውጣትና ስለ መመለስ ይናገራሉ እንጂ ወደ ሰው አገር ስለ መግባት አይናገሩም። መውጣት መብት ነው፤ መግባት ግን የባለቤቱ ፈቃድ ነው። በመካከሉ የሚቀረው ሰው መብትም እያለው ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ወረቀቱ ዕዳ የሚሆንባቸው አገሮች

አሜሪካን አይተን «የጥሪ ወረቀት ከንቱ ነው» ብለን ብንደመድም ደግሞ እንሳሳታለን። በሌሎች አገሮች ወረቀቱ ራሱ ሕግ ነው።

ጀርመንን እንውሰድ። እዚያ የሚሠራ ልጅ እናቱን ሲጠራ በሚኖርበት ከተማ የውጭ አገር ሰዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ ገቢው ተመርምሮ የግዴታ ቃል ሊፈርም ይችላል። ይህ ቃል በመኖሪያ ሕጉ ቁጥር 68 የተመሠረተ ነው፤ እንግዳዋ ለመጠለያ፣ ለምግብ ወይም ለሕክምና መንግሥትን ያስወጣች እንደሆነ መንግሥት ገንዘቡን ከፈራሚው ይጠይቃል። ይህ እንግዲህ ከእኛ ዋስትና ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የእኛው ሕግ የገንዘቡ ልክ ካልተጠቀሰ አይጸናም ሲል፣ እዚያ ግን የሚገደበው ዘመኑ ነው፤ ከ2016 ወዲህ ግዴታው ከ5 ዓመት አያልፍም። ልጆቻችን «ወረቀት ብቻ ነው» ብለው ለማያውቁት ሰው እንዳይፈርሙ ልንነግራቸው ይገባል።

ጀርመን በሼንገን ስምምነት ውስጥ ናት። ስምምነቱ በ1985 ተፈርሞ በ1995 ሥራ ላይ ዋለ። እንግዳ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። የሕክምና መድን መግባትም ግዴታ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። መድኑ ሕመምን ብቻ ሳይሆን ሞትን ጭምር ማካተቱ ለእኛ ለዕድርተኞች ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰው ሲጓዝ ይህን ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ግን ሬሳ ከባሕር ማዶ ለማምጣት ገንዘብ ሲዋጣ ያየ ሰው ሟርት አይለውም። የግዴታው ቃል ተፈርሞም ቢሆን ቆንስሉ «ይመለሳሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አይተወውም፤ ቢከለክል ግን አመልካቹ ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ይግባኝ የማለት መብት አለው።

ካናዳ ደግሞ ለወላጅና ለአያት ብቻ የተለየ በር ከፍታለች። በታኅሣሥ 2011 የጀመረው ይህ ቪዛ ሱፐር ቪዛ ይባላል። ልጅየው ወይም የልጅ ልጁ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት፤ በጊዜያዊ ሥራ ብቻ ያለ ሰው አይችልም። ሊያኖራቸው ቃል የገባበት የጥሪ ደብዳቤና የገቢ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የሕክምና መድንም እንዲሁ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ወላጅ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት እንዲቆይ ተፈቅዷል። እዚህ የጥሪ ደብዳቤ ከሌለ ቪዛው የለም።

ዐረብ አገር፤ ዋሱ ራሱ ዋስ ያለው

ከሁሉ ይልቅ ብዙዎቹ ልጆቻችን ያሉት በዐረብ አገሮች ስለሆነ የዚያን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ አገር ሠራተኛ የሚገዛበት ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል። ቃሉ በዐረብኛ ዋስትና ማለት ነው፤ አሠሪው ካፊል፣ ማለትም ዋስ ይባላል። ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ በኋላ ሠራተኛ ከየአገሩ ሲጎርፍ ሥርዓቱ እጅግ ተስፋፋ። የሠራተኛው መግባት፣ መሥራት፣ አሠሪ መለወጥ፣ በአንዳንዱ አገር መውጣት እንኳ በካፊሉ እጅ ሆነ። በእኛ አገር ዋስ ለተዋሰለት ሰው ዕዳ ይሸከምለታል፤ እዚያ ግን ዋሱ የተዋሰለትን ሰው የሚያዝበት ሆኖ ተገኘ። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መሻሻል አለ። ቀጠር በ2018 ለአብዛኛው ሠራተኛ የመውጫ ፈቃድን አስቀረች፤ በ2020 ለቤት ሠራተኞችም አዳረሰችው። ሳዑዲ ዐረቢያ በመጋቢት 2021 ሠራተኛ አሠሪ የሚለውጥበትን መንገድ አቀለለች፤ ይሁንና የቤት ሠራተኞች በዚያ ማሻሻያ ውስጥ አልገቡም። እኅቶቻችንና ልጆቻችን በብዛት የሄዱት ደግሞ በዚሁ በቤት ሥራ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ አገሮች «ቤተሰብ መጥራት» የሚባለው ነገር ለሁሉም እኩል አይደለም። ኢቃማ ያለው፣ በሙያው በደህና ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሚስቱን፣ ልጆቹንና ወላጆቹን ለጉብኝት ሊጠራ ይችላል፤ የሚጠየቀው የሥራ ዓይነትና የደመወዝ ልክ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ቶሎ ቶሎም ይለወጣል። በአሠሪዋ ቤት የምታድር የቤት ሠራተኛ ግን በአብዛኛው እናቷን መጥራት አትችልም፤ ራሷ በሌላ ሰው ዋስትና ሥር ያለች እንዴት ለሌላው ዋስ ትሆናለች? ሳዑዲ ዐረቢያ በመስከረም 2019 የቱሪስት ቪዛ ስትከፍት በኢንተርኔት እንዲያመለክቱ የፈቀደችው ለ49 አገሮች ዜጎች ነበር፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከዚያ አገር መመለሳቸውንም አንረሳም። ወረቀት የሌለው ሰው እንኳን ዘመድ ሊጠራ፣ ራሱም የሚቆምበት መሬት የለውም።

ስለዚህ ከዐረብ አገር ልጅ «አልቻልኩም እማዬ» ብላ ስትደውል «ረሳችን» አንበል። በአብዛኛው የረሳችን እሷ ሳትሆን የምትኖርበት ሥርዓት ነው።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

አንደኛ፤ የጥሪ ወረቀት በሁሉም አገር አንድ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ቁጥር የለውም፤ በጀርመን ዕዳ ነው፤ በካናዳ ቁልፍ ነው፤ በዐረብ አገር የጠሪው ኢቃማ ጥላ ነው። እንግዲህ ወረቀት ከመላኩ በፊት «ይህ አገር የሚያየው ጠሪውን ነው ወይስ ተጠሪውን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደንብ ስለሚለዋወጥም ከራሱ ከቆንስላው እንጂ ከሰፈር ወሬ አንጠይቅ።

ሁለተኛ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። «የባንክ ደብተር እንሞላልዎታለን፣ የሌለዎትን ሱቅ እንጽፍልዎታለን» የሚሉ ደላሎች በየሰፈሩ አሉ። በአሜሪካ ሕግ በሐሰት ማስረጃ ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ለዕድሜ ልክ ሊከለከል ይችላል። ዛሬ እውነቱን ተናግሮ የተከለከለ አባት ነገ ሊሞክር ይችላል፤ በሐሰት የተያዘ ግን ልጁ ዜጋ ሆና ለነዋሪነት ስትጠይቀው ያው ሐሰት ተመልሶ ይመጣበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሦስተኛ፤ የሚመለስ ሰው የሚመለስበትን ነገር ይናገር። ቤቱን፣ ጡረታውን፣ ሥራውን፣ የቀሩትን ልጆቹን፣ የሚጦረውን ዘመድ። አንዳንድ አባሎቻችን ከዕድሩ ማስረጃ እንድንጽፍላቸው ጠይቀውናል፤ መጻፍ ይገባናል ብለን እናምናለን። ቆንስልን አያስገድድም፤ ቪዛም አያስገኝ ይሆናል። ቢሆንም እውነት ነው። አንድ ሰው ለሠላሳ ዓመት ወር ሳያጓድል መዋጮ ሲከፍል፣ ለጎረቤቱ ድንኳን ሲተክል፣ አልጋ ሲሸከም የኖረው እዚሁ በወዳጆቹ መካከል ሊቀበር ስለሚፈልግ ነው። ከዚህ የበለጠ «እመለሳለሁ» የሚል ፊርማ ከየት ይመጣል?

በመጨረሻም፤ ቪዛ የተከለከለ አባት ወይም እናት ቤት ሄዶ መጠየቅን ልማድ እናድርገው። ሞት ሲመጣ ጡሩምባ ነፍተን እንደምንሰበሰብ ሁሉ፣ ሰው በቁሙ ሲያዝንም «አይዞዎት፣ ሕጉ እንዲህ ስለሆነ እንጂ በእርስዎ አይደለም» የሚል ጎረቤት ያስፈልገዋል። ለዚያ አባላችን ይህን ያላቸው አልነበረም። እኛም አናውቅ ነበር።

የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ ያሉትንም ሳንነፋፈቅ ያገናኘን። ቸር ይግጠመን።